ምናሉ ያሳልፋል

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እንድታምኑኝ እለምናችኋለሁ፤ ግጥሙ ወርቅ አልነበረውም። ሰሙ ሰም ብቻ ነው፣ ከሥሩ የተደበቀ ምንም ነገር የለም። ይህን ስናገር ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። እናንተ ራቅ ስለምትሉ ታምኑኝ ይሆናል።

የዝና እባላለሁ። ገበያው ዳር፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። ይህ ገጠመኝ ከመድረሱ በፊት አንድ ቃል የምፈራ ሰው ነበርኩ፤ ማለፍ የሚለውን ቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ደጃችን እየቆመ እናቴን «የዝና አለፈች?» ይላት ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ «አላለፈችም» ትላለች። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ እኔ ጓዳ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። ከዚያ ወዲህ አብረውኝ የተማሩትን ልጆች ከሩቅ ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። ደንበኛዬ እንኳ ቀሚሱን ለክታ «ኧረ በጭንቅላቴም አያልፍም» ስትለኝ ክር የምፈልግ መስዬ ፊቴን አዞር ነበር።

ወደ ኳስ ያስገባኝ መርፌና ክር ነው። የከተማችን ቡድን፣ ላህ ኮከብ እንበለው፣ የማሊያ ቁጥር እንድሰፋለት ሥራ ሰጠኝ። ቸኩዬ ስሰፋ የበረኛው አንድ ቁጥር ተጣመመብኝ፣ ወደ ግራ ዘመም አለ። ሳልነግራቸው አስረከብኩና ሰው ያየብኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ሜዳ ሄድኩ። ቁጥሯን ያየ የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ሌላ ቦታ መዋል አቃተኝ።

በረኛው ምናሉ ይባላል፤ የቡሬ ገጠር ልጅ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ሲይዝ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚይዝ ልጅ። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ሰው ስለሱ የሚለውን ሳይሰማ አያርፍም። ጎል ከገባበት ኳሷን ሳያወጣ መጀመሪያ ዞሮ ወደ እኛ ወደ ደጋፊዎቹ ያያል። «እናቱ ስሙን ስታወጣለት ጨርሳዋለች፣ ምናሉ! እስቲ ምን አሉ?» እያልን እንስቅበት ነበር። እንወደው ስለነበር ነው የምንስቅበት።

ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር እንዴት ልንገራችሁ? ቡድናችን መስከረም ላይ አበደ፣ ኅዳር ላይ ተኛ። የሰው ሜዳ ሄዶ አሸንፎ ይመጣና እኛው ፊት፣ እኛው ጭቃ ላይ፣ የሊጉ መጨረሻ በሆነ ቡድን ይሸነፋል። ጥር ላይ አሰልጣኙ ይባረር ተብሎ ተጮኸ፤ የካቲት ላይ ያው አሰልጣኝ በትከሻ ተይዞ ከተማውን ዞረ። ጋሽ ሰይድ እሑድ ጠዋት «ዛሬስ የትኛው ላህ ኮከብ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። እንደ ሕመምተኛ ልጅ ነበር፤ አንድ ቀን ይቦርቃል፣ አንድ ቀን አልጋ ይዞ ያስጨንቃል። ግን ልጅ ልጅ ነው፣ ታመመ ብሎ የሚተወው የለም።

ሚያዝያ ላይ ነገሩ ሁሉ ተያያዘና ማሸነፍ ጀመርን። ሰው በሹክሹክታ «ዘንድሮ ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን» ይል ጀመር። ያንን የምፈራውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ እያለኝ ሰማሁት። አንድ ከሰዓት ሱሪ እያጠበብኩ አፌ ላይ ግጥም መጣልኝ። እሑድ አጥሩ ላይ ወጥቼ አስጨፈርኩት። እኔ «በሩን ማን ይዞታል?» እላለሁ፣ ሕዝቡ «ምናሉ ይዞታል!» ይላል። እኔ «ማን ያሳልፈናል?» እላለሁ፣ ሕዝቡ «ምናሉ ያሳልፋል!» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምናሉ ከጎሉ ሥር ሆኖ በጓንቱ ፊቱን ሸፍኖ ሲስቅ ዓይቼዋለሁ።

እናንተ ብልሆች ናችሁና መዘዙ ሳይገባችሁ አልቀረም። እኔ ግን እምልላችኋለሁ፣ እስከዚያች እሑድ ድረስ አልታየኝም።

ከመጨረሻው በፊት የነበረው ጨዋታ ነው። የሰኔ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ወርዶ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል። ከሌላ ከተማ የመጡ ደጋፊዎች ማዶ ቆመዋል። አቻ ሆነን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሕዝቡን ላነቃ ብዬ አስጀመርኩ። «ማን ያሳልፈናል?» አልኩ። በዚያው ቅጽበት የነሱ አጥቂ ከሩቅ አንዲት ደካማ ኳስ ለጋ። ምናሉ ቁጭ አለላት። ሕዝቡ ባንድ አፍ «ምናሉ ያሳልፋል!» ሲል ኳሷ በእግሮቹ መሃል ሾልካ፣ ውሃ ላይ እየተንሸራተተች ገባች።

ከዚያ ማዶ ያሉት ደጋፊዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ግጥሜን ነጥቀውኝ ተቀበሉት። «ማን ያሳልፋል? ምናሉ ያሳልፋል!» እያሉ ፊሽካው እስኪነፋ ጨፈሩበት። ምናሉ እንደ አመሉ ወደኛ ዞሮ አየ። ከኛም መሃል የሳቁ ነበሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን አወለቀና የጎሉ መስመር ላይ አስቀምጦት ወጣ። እኔ ነኝ ሄጄ ያነሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ምናሉ ከከተማው የለም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ወሬው ግን አልተዘጋም። በገንዘብ ተገዝቶ ነው፣ ጨዋታውን አሳልፎ ሰጠ ተባለ። ይህን ከሚሉት ይልቅ የገደሉኝ እኔን የሚያደንቁት ናቸው። አንዱ በረንዳዬ ላይ ቆሞ «የዝና፣ ለካ ቀድመሽ ነግረሽን ኖሯል፤ ወርቁ የገባን አሁን ነው» ይለኛል። ወርቅ የለውም ስለው ዓይኑን ይጠቅስልኛል። መማልም ሞከርኩ። በማልኩ ቁጥር ቅኔዬ እየጠለቀ፣ እኔም እየተከበርኩ ሄድኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሳምንት ተመስግኜ አላውቅም፤ እንደዚያ ሳምንትም አልቅሼ አላውቅም።

የመጨረሻው ጨዋታ በሚቀጥለው እሑድ ነው፣ እዚሁ እኛ ሜዳ። ካሸነፍን እናልፋለን፣ ካልሆነ የለም። ተጠባባቂው በረኛ ልምምድ ላይ ጣቱ ተሰብሯል። አሰልጣኙ ቡሬ ሰው ልኮ ምናሉ «ሌላ አሳላፊ ፈልጉ» ብሎ እንደመለሰው ሰማን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያንገበገበኝ ማለፉ ብቻ አልነበረም። ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በኔ ግጥም ከሐዲ ሲባል ሊኖር ነው። እኔ በአንድ «አላለፈችም» ስንት ዓመት መንገድ እንደተሻገርኩ ስለማውቅ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ጋሽ ሰይድ መኪናዬ ዝም ማለቱን አዩና ሱቃቸውን ዘጉ። «ተነሽ፣ ከቅኔሽ ጋር ሄደን እናስታርቀው» አሉኝ። ጓንቱን በፌስታል ይዤ ተነሣሁ።

ቡሬ በሚኒባስ ደረስን፣ ከዚያ ባጃጅ የምትችለውን ያህል ወሰደችንና ጭቃው ሲያሸንፋት በእግር ሆነ። ጋሽ ሰይድ መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚሉ ሲለማመዱ፣ እኔ ምን እንደምል ሳላውቅ ደረስን። ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ላይ ነው፤ የበርበሬ ችግኝ ከመደቡ እየነቀሉ የሚተክሉበት ቀን ነበር። ምናሉ እግሩን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ይዞት አጎንብሷል። መምጣታችንን አየ፣ ግን ቀና አላለም። የተቀበሉን አባቱ አያ አለኸኝ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ እርሻ የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው።

እንግዳ ቆሞ አይቀርምና ቤት እንግባ አሉ። እኔ ሥራውን ሳንጨርስማ አንገባም ብዬ ጫማዬን አወለቅሁና ምናሉ አጠገብ ካለው ትልም ገባሁ። ጋሽ ሰይድም ሱሪያቸውን ሰብስበው ችግኝ ማቀበል ጀመሩ። ብዙ ሰዓት እንዲሁ ስንተክል ቆየን። ምናሉ አንዴ ብቻ እጁን ዘርግቶ እኔ የተከልኳትን ችግኝ አቃናት፤ ቁጥሩን አጣምሜ እንደሰፋሁበት ሁሉ ችግኟንም አጣምሜያት ነበር።

ምሳ እዚያው ማሳው ዳር መጣ፤ የሰኔ ጾም ስለነበር ለጋሽ ሰይድም ለኛም ያው አንድ ሽሮ ሆነ። አያ አለኸኝ ዝግ ብለው ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩና ልጃቸው ፍኖተ ሰላም በረኛ ሆኖ ተቀጥሮ እንደነበር፣ አሁን ግን ሥራውን ትቶ እንደመጣ አጫወቷቸው። ምን ጠፋ ይሆን፣ ሌባ አስገብቶባችሁ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሰይድ ደንግጠው የኳስ በረኛ መሆኑን፣ ሜዳው ይህን ያህል፣ ጎሉ ያን ያህል እንደሆነ በእጃቸው እየለኩ ማስረዳት ያዙ። ምናሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ አየሁት። አባቱ ባለፈው ዓመት መጥተው ሲጫወት አይተውታል ለካ።

«በይ ልጄ» አሉኝ አያ አለኸኝ፤ «ያን ግጥም ካንቺው አፍ ልስማው።»

አጥር ላይ ወጥቼ ሺህ ሰው የማስጨፍር ሴት፣ እዚያ ማሳ ዳር ድምፄ እንደ ክር ቀጠነብኝ። በሩን ማን ይዞታል አልኩ። ጋሽ ሰይድ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው ምናሉ ይዞታል ብለው ተቀበሉኝ። ማን ያሳልፈናል ስል ግን እሳቸውም ዝም አሉ። የመጨረሻዋን ራሴው ጨረስኳት።

«ወርቁስ?» አሉ አያ አለኸኝ።

«የለውም፣ አያ።»

«ኸጎጃም ምድር ወርቅ የሌለው ግጥም ወጣ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»

«በማርያም እላለሁ፣ የለውም። ያልኩትን ነው ያልኩት።»

ያኔ ምናሉ ተናገረ። ወደኔ አላየም፣ ወደ እጆቹ ነበር የሚያየው። ኳሷ እንዳልጎዳችው፣ በእግሩ መሃል ስንት ኳስ እንዳለፈ ነገረን። «ድምፃችሁ ነው» አለ። «ከጀርባዬ አገር ሁሉ ባንድ አፍ ያሳልፋል ሲለኝ። ማታውኑ ቤቴ አጠገብ ያለው ሱቅ ብገባ ባለሱቁ እየሳቀ አሳልፈህ ሰጠኸን አለኝ። አብሬያቸው በልቼ፣ አብሬያቸው ጠጥቼ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ የዝና።»

እኔም ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኩት። ስለ ፈተናው፣ ስለ እናቴ አንገት፣ ጓዳ ተቀምጬ ስለሰማሁት ድምፅ፣ ስለምሻገረው መንገድ። «እኔ እኮ ያንን ቃል ሰው ላይ የምወረውር ሰው አይደለሁም፤ እኔን ሲያቃጥለኝ የኖረ ቃል ነው» አልኩት። «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ማለፍ አማረኝ። ሊያሳልፈኝ የሚችል ሰው ሳስብ ደግሞ አንተ ታየኸኝ። ግጥሙ ይኸው ነው።» ዕንባዬ መጣ። በጭቃ እጄ ጠረግኩትና ፊቴን ሁሉ አጨማለቅኩት።

አያ አለኸኝ ወደ ግቢያቸው በር በአገጫቸው አመለከቱ፤ ከእንጨት የተሠራች፣ በአንድ ጎኗ የዘመመች በር ናት።

«ምናሉ፣ ያቺ በር ምን ታሳልፋለች?»

«ከብቱን» አለ ምናሉ፤ «ሰውን፣ ጎረቤቱን።»

«ጅብስ?»

«አንድ ክረምት አሳልፋው ጅቡ ጊደሯን በላት።»

«ታዲያ በሯን ነቅለን ጣልናት?»

«የለም።»

«ምንም የማያሳልፍ በር እኮ ልጄ፣ ግድግዳ ነው የሚባለው። ይቺ ልጅ በረኛ አለችህ እንጂ ግድግዳ አላለችህም። ወርቁ ያ ነው። አሁን ዝናቡ ሳይመጣ ይቺን መደብ እንጨርስ።»

ተነሥተው ሄዱ። ምናሉም ተነሣና ወደ ትልሙ ተመለሰ፤ እሑድ እመጣለሁ ወይም አልመጣም አላለም። እኛም አልጠየቅንም፤ የሚጠየቅ አልመሰለንም። ስንወጣ ጓንቱን ከፌስታሉ አውጥቼ በዚያች የዘመመች በር ላይ ሰቀልኩት።

እሑድ ደረሰ። ሜዳው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። እኔ አጥሬ ላይ ወጥቼ የመጫወቻውን መግቢያ ብቻ ነው የማየው። ተጫዋቾቹ ለማሟሟቂያ ሲወጡ በጎሉ ሥር የቆመው አንድ ተከላካይ ነው፤ ጣቱ በተሰበረው ተጠባባቂ ፋንታ ሊያቆሙት ነው። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ጨብጠው አልለቀቁኝም። ዳኛው ሊያስጀምር ሲል ከመልበሻ ክፍሉ በኩል ያቺ ወደ ግራ የዘመመች አንድ ቁጥር ብቅ አለች። ጓንቱ ስፌቱ ውስጥ የቡሬ ቀይ አፈር ነበረበት፣ ከአጥሩ ላይ ሆኜ ሳይቀር ይታየኛል።

ማንም አልጮኸም። ሕዝቡ አፍሮ ነበር መሰለኝ። እኔም ግጥሙን አላነሳሁትም፤ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? በዝምታ ጀመርን፣ በዝምታ አንድ ጎል አገባን፣ ተቃቅፈን ደግሞ ዝም አልን። ምናሉ ምን የመሰሉ ኳሶች አወጣ። ሊያልቅ ሲል ግን የማዕዘን ምት ተመታና በሰው መሃል ከተጋጣሚዎቹ አንዱ በግንባሩ ገጫት። ምናሉ ዘለለ፣ ጣቱ ነካት፣ አልበቃትም። አንድ ለአንድ።

ምናሉ እንደ ልማዱ ወደኛ ዞረ። ምን አሉ ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ምናሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በዚያ ሰው ሰምቶት በማያውቅ ድምፁ፣ «ማን ያሳልፈናል?» ይላል።

እርስ በርስ ተያየን። ደገመው። ጋሽ ሰይድ ናቸው የቀደሙት፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ «ምናሉ ያሳልፋል!» ብሎ ፈነዳ። ማዶ ያሉት የተጋጣሚ ደጋፊዎችም አብረውን ጨፈሩ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እያለቀስኩ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። ያ «አሳልፈህ ሰጠኸን» ያለው ባለሱቅ ሜዳ ገብቶ ምናሉን አንገቱን ሲያቅፈው አየሁ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ምናሉም የሰማው አይመስለኝም።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤቴ ስደርስ እናቴ ደጁ ላይ ቆማለች።

«አለፋችሁ?» አለችኝ።

«አላለፍንም፣ እማዬ» አልኳት፣ ቀና ብዬ። ቃሉ ከአፌ ወጣ፣ ምንም አልሆንኩም።

አንገቷን አልደፋችም። ፊቴን አየችና «ታዲያ ምን እንዲህ ያስቅሻል?» አለችኝ።

ይኸው ነው ገጠመኜ። አንባቢዎቼ፣ ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል፤ አንድ ግጥም፣ አንድ የበርበሬ ማሳ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ተሻግሬ አላውቅም። ባለፈው አብራኝ የተማረች ልጅ ሐኪም ሆና መጥታ ጋወኗን እንዳሳጥርላት ጠየቀችኝ፤ ያኔ አልፈሽ ነበር እንዴ ብትለኝ፣ አላለፍኩም፣ ትከሻሽን ቀጥ አድርጊ ልለካሽ አልኳት። እናንተም ውስጥ እንደኔ አንድ ቃል መንገድ የሚያሻግራችሁ ካለ፣ ደፍራችሁ ለአንድ ሰው ንገሩት። ምናልባት ሌላ ፍቺ ያገኝላችኋል።

ላህ ኮከብ ዘንድሮም እንደዚያው ነው፤ አንድ እሑድ ያስቦርቃል፣ አንድ እሑድ ያስተኛል። ምናሉ በሩ ላይ ነው። ግጥሙን እንጨፍረዋለን፤ ጎል ሲገባበት ደግሞ ከፍ አድርገን እንጨፍረዋለን፣ እሱም አብሮን። ሰዎች ዛሬም ስለ ወርቁ ሲያደንቁኝ እምላለሁ፣ የለውም እላለሁ። አልዋሸኋቸውም። ወርቁን ያስገቡበት አያ አለኸኝ ናቸው፣ በዚያች በዘመመች በር አሳልፈው።